ቁጥር የሌለው በረንዳ

ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ከበቡሽ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደብረ ሲናን ክረምት ስለማውቀው ነው ከሁሉ በፊት ጉልበትዎን የምጠይቀው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆትና ከሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

በሾፌር በድሩ እጅ የላኩልኝን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ገና ሲጀምሩ በሕይወት አለህ ወይ ብለውኛል። አዎ፣ አለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል እንዴት ነሳኸኝ ላሉት ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ያን ጠዋት ምንጣፌን ጠቅልዬ ከበረንዳዎ ስወርድ እርስዎ ገበያ ነበሩ። እስኪመለሱ ብጠብቅ የምሄድ አልመሰለኝም። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ደመናው መስኮቱን ሁሉ ሸፈነው፤ ከደመናው ስንወጣ ሌላ አገር ነበር፣ ሌላ አየር። አጎቴ ሞቶ ቤቱን ቀበሌ ሲረከበው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬን ታቅፌ እርስዎ በረንዳ ላይ መጠጋቴን፣ እዚያ ያሳለፍኩትን ክረምት ሁሉ፣ ኖሬው ይሁን አልሜው እየተምታታብኝ ቆየሁ። ሰውም ቢጠይቀኝ "ደብረ ሲና ዘመድ ቤት ነበርኩ" እያልኩ አልፋለሁ።

አሁን ግን በድሩ ያለሁበትን ነግሮዎት ከበረንዳው የላኳት ሙሀባ ቢሮው በር ላይ ቆማ ስሜን ስትጠራ ነቃሁ። በደህና ደርሳለች፣ አያስቡ። በእኔ መሥሪያ ቤት፣ በፍራፍሬ ልማቱ ችግኝ ጣቢያ፣ በቀን ሠራተኛነት ገብታለች። ሥራዋ የብርቱካን ቡቃያ ከአንዱ ዛፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ማሰር ነው። ካሰረቻቸው ሃምሳ፣ አርባ ስድስቱ ያዙላት። ከእሷ በፊት ሠላሳ ያለፈ ሰው አልነበረም። አለቃዋ እጇን አገላብጦ አየ። ሠራተኛ ማደሪያው ውስጥ አልጋ ተሰጥቷት ነበር፤ ግድግዳው እየተጠጋ የሚመጣ ይመስለኛል ብላ ምንጣፏን ደጃፉ ላይ ታነጥፋለች። ለዚህ እንኳ ጊዜ ያስፈልጋል።

በኅዳር ወር ለችግኝ ጣቢያው ሦስት ቋሚ ሠራተኛ ሊቀጠር ነው። ከእሷ የሚቀድም አላየሁም። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ስለሆንኩ ፎርሟን የሞላሁላት እኔው ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬ ነበር፤ እሱንም ሞልቼዋለሁ። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ጉልበትዎ ከፈቀደ ወርደው እኛ ጋ ይሰንብቱ።

ልጅዎ አብዱረሂም

ደብረ ሲና፣ ጥቅምት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአብዱረሂም፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የእጅ ጽሑፌን አይተህ እንዳትስቅ፤ የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ ነኝ፣ የምስክር ወረቀቴም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጉልበቴን ለጠየቅኸኝ፣ ከእኔ ጋር መኖር አልሰለቸውም። ወርደው እኛ ጋ ይሰንብቱ ላልከኝ ደግሞ ከቆላው ወባ ጋር በዚህ ዕድሜዬ አታስተዋውቀኝ።

ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ቁልቁል አያለሁ። ደመናው ከእግሬ በታች ተኝቷል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ይኸው ይሆናል እላለሁ። ረፋዱ ላይ ሲገለጥ ከታች አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። ያ የእናንተ ብርቱካን ነው ብዬ ወስኛለሁ። ካልሆነም አትንገረኝ። ሙሀባ እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትሠራ የማያት ይመስለኛል። እሷ ከሄደች ወዲህ በረንዳው ሰፍቶብኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ከእናንተ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። "ሙሀባ ሳልህ የተባለች ከ1974 እስከ 1979 በቤት ቁጥር 214 ነዋሪ ነበረች ወይ?" ይላል። እኔ ብቻዬን እንደምኖር ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። አንደኛው መጋረጃውን ገልጦ ጓዳዬን አየ። ስንት አልጋ እንዳለኝ ቆጠረ። ነገሩ ገብቶሃል? ደባል ይዘሽ፣ ኪራይ ስትበዪ ኖረሻል ነው የሚሉኝ። አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ክፍል ያከራየ ሰው ቤቱ እንደሚወረስ ላንተ አልነግርህም፤ አንተ ፊደል ቆጥረሃል። ይህ ቤት ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ድንጋዩን በጀርባው እያመላለሰ የሠራው ነው። ከሱ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው። እስከ ኅዳር 10 መልስሽን በጽሑፍ አቅርቢ ብለውኝ ሄዱ።

ያን የቤት ቁጥር የጻፈው ማን ነው? አንተ ካልሆንክ ንገረኝና ልረፍ። አንተም ከሆንክ ንገረኝ።

ከበቡሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ከበቡሽ፣

እኔ ነኝ። ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታው መጀመሪያ ቢገባ ኖሮ እውነቱ ወደ ሌላ ደብዳቤ ይተላለፍብኝ ነበር።

ፎርሙ ላይ "ያለፉት አምስት ዓመታት መኖሪያ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር" የሚል መስመር አለ። ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። በረንዳ ቁጥር የለውም። ከበሩ በላይ ግን ያቺ ሰማያዊ ቆርቆሮ አለች። ሙሀባ አምስት ዓመት ሙሉ ከራስጌዋ የነበረ ቁጥር የእሷም ነው አልኩና 214 ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለኝም፤ ደግ ነገር የሠራሁ ነው የመሰለኝ። ቀበሌ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ግን የሁሉም አድራሻ ከየቀበሌው እንዲጣራ መመሪያ ደረሰን፤ ወደ እርስዎ ቀበሌ የተላከውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ቁጥር ሰጥቼ አወጣሁት። መዝገቡ ላይ ስጽፈው እጄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ሌላም አለ። እኔም በ75 ስቀጠር ፎርሜ ላይ የጻፍኩት 214 ነው። አራት ዓመት ሙሉ በእርስዎ የቤት ቁጥር ደመወዝተኛ ሆኜ ኖርኩ። ያልጻፍኩልዎትም፣ ዳገቱን ወጥቼ ያልጠየቅኩዎትም ስለዚህ ነው። በሩ ላይ ያቺን ቆርቆሮ ማየት ፈራሁ።

የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ አብዱልመጂድ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን በስብሰባ ላይ ስለ ሌላ አመልካች ሲነሣ "ቤት የሌለው ሰው ነገ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ የት ተብሎ ይፈለጋል?" ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያ ልጅ እዚያው ቀረ። ሙሀባም በረንዳ አዳሪ ነበረች ከተባለ ፋይሏ ይዘጋል። አርባ ስድስቱን ችግኝ የሚያይላት አይኖርም።

ትናንት ቀትር ላይ ሙቀቱ ሁሉን ሲያስተኛ ጠረጴዛዬ ላይ ሸለብ አደረገኝ። ፎርሞቹ ተነሥተው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ገብተው ይወጣሉ፤ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ተመልሰው እያንዳንዳቸው በር ያንኳኳሉ። በሩ ሁሉ የእርስዎ በር ነው። ስነቃ ሸሚዜ ርሶ ነበር።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። "ዘመዴ ናት፣ ያለ ኪራይ አብራኝ ኖራለች" ብለው ይጻፉልኝ። ዘመድ ደባል አይባልም። ለእርስዎም ለእሷም መውጫው ይኸው ብቻ መሰለኝ።

ልጅዎ አብዱረሂም

ደብረ ሲና፣ ጥቅምት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአብዱረሂም፣

ደብዳቤህን ሳነብ ተቆጣሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣሁ። ዛሬ በርዶልኛል፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

አልዋሽም። ይህን የምልህ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። አንተ ቢሮ ተቀምጠህ የቀበሌን ኑሮ ረስተኸዋል። ስኳር በቤተሰብ ቁጥር ነው የሚታደለን፤ እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ስኳር ነው የወሰድኩት። ዘመዴ ከሆነች ስኳሯ የት ገባ? ቤት ውስጥ ያለ ሰው ስኳሩን ትቶ አያውቅም። የቀበሌ ሱቁ መዝገብ ብቻ ያጋልጠኛል። ያኔ ቤቴም ይሄዳል፣ ሙሀባም አጭበርባሪ ትባላለች።

ሌሊት በእንቅልፌ ያየሁትን ልንገርህ፣ አንተም ሕልምህን ነግረኸኛልና። በረንዳው ከቤቱ ተነጥሎ ብቻውን ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁ። ማንንም ሳያስቸግር፣ ቀስ እያለ። ከታች ዛፎቹ መካከል ሄዶ ተቀመጠ፤ ሰዎችም እንደ ድሮው መጥተው ተጠጉት። እኔ ከላይ ሆኜ ቤቴ ፊቱን እንዳጣ አያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ግን ልቤ አብሮት ሲወርድ ዋለ።

እውነት ከተነጋገርን አይቀር የእኔንም ስማ። አምስት ዓመት በሬ ላይ ኖራ ግቢ አላልኳትም። አንተንም አላልኩህም። መጀመሪያ እናንተን ፈራሁ፤ ማንነታችሁን አላውቅ። ስለምዳችሁ ደግሞ ቀበሌን ፈራሁ፤ ያስገባሁ ቀን ደባል ትባላላችሁ። በኋላ ግን ማንንም ሳልፈራ እንዲሁ ለመድኩት። በሬን ከፍቼ እሷን ተራምጄ ገበያ መሄድ ለመድኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው። እናንተ በረንዳዬን ታፍሩበታላችሁ፤ ማፈር ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

የምጽፈው ያየሁትን ነው። በረንዳ ከሆነ በረንዳ። ለቀበሌውም ለእናንተ ኮሚቴም አንድ ዓይነት ቃል እሰጣለሁ። ቢያጠፋንም አብረን እንጥፋ።

ደግሞስ እሷ ምን አለች? ስለ እሷ ይህን ሁሉ ስንጻጻፍ ጠይቀሃታል?

ከበቡሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ከበቡሽ፣

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ይቅርታዎንም አብረው ልከውልኝ እንደሆነ ብዬ ወረቀቱን መልሼ መላልሼ አየሁት።

አልጠየቅኳትም ነበር። ስለ እሷ እኔና እርስዎ ተጨንቀን፣ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ቀበሌ ተንቀሳቅሶ፣ እሷ ብቻ አታውቅም ነበር። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወረድኩ። ቀትር ነበር። ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ ሄደው እሷ ብቻ ከዳሱ ሥር ተቀምጣ ቡቃያ ታስራለች። ውሃው በቦዩ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ያን ቦታ ያዩት ቢሆን ሕልምዎ ውስጥ የገቡ ይመስልዎ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀና ሳትል ሰማችኝ። ከዚያ ፎርሙን አምጥቼ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። 214 የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አቆመች።

"እኔን ቋሚ ለማድረግ የእሳቸውን ቤት ልታስወስድ ነው?" አለችኝ። "የተኛሁበት ቦታ ስም አለው። ሰርቄ አልተኛሁበትም። ሰርዘውና በረንዳ በል።"

ሥራውን እንዳታጣ እንደምፈራ ነገርኳት። እሷም ትፈራለች። በ74 ባሏን ቀብራ፣ ማሳው በድርቅ ጠፍቶባት ከቆላ ከወጣች ወዲህ እንዲህ የፈለገችው ነገር እንደሌለ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ይህች ሥራ ካመለጠቻት ዳገቱን መልሳ የምትወጣበት ጉልበት እንደሌላት፣ የአንድ ቦታ ሰው መሆን እንዳማራት ነገረችኝ። ግን እየደጋገመች ሰርዘው አለችኝ። ሰረዝኩት። ከላዩ "ደብረ ሲና፣ መንገድ ዳር በረንዳ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። እሷም ወደ ቡቃያዋ ተመለሰች።

እኔም እፈራለሁ፣ እትዬ። የእርስዎ ወረቀት ኮሚቴው ፊት ሲነበብ 214 የተጻፈበት ሌላ ፋይል መኖሩን በዚያ ክፍል ካሉት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቢሆንም ይጻፉ። ስብሰባው ኅዳር 12 ነው። በድሩ ማክሰኞ በእርስዎ በኩል ያልፋል።

ልጅዎ አብዱረሂም

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሚመለከተው የቅጥር ኮሚቴ፣

እኔ ከበቡሽ ወንድምአገኝ፣ የቤት ቁጥር 214 ባለቤት፣ ይህን ቃሌን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ሙሀባ ሳልህ በቤቴ ውስጥ ኖራ አታውቅም። ከ1974 ጀምሮ እስከ ዘንድሮ መስከረም ድረስ የኖረችው በመንገድ በኩል ባለው በረንዳዬ ላይ ነው። ኪራይ አልተቀበልኩም። ኑሪበትም አላልኳት፣ ሂጂም አላልኳት።

ቀን ቀን ገበያ ለገበያ ሸክም ትሸከም፣ ልብስ ታጥብ ነበር። ጠዋት በረንዳውን ጠርጋ የጎረቤቴን ደጃፍ ጨምራ ትጠርጋለች፤ ጎረቤቴ እስካሁን እኔ የማስጠርግላት ይመስላታል። በ76 የበሬ ቁልፍ ተሰብሮ እስከ ዛሬ በገመድ እያሰርኩት ስወጣ ስገባ ከቤቴ አንድ ማንኪያ አልጠፋም። በዚያው ዓመት ታምሜ ሦስት ቀን ከአልጋ ሳልነሣ በሩን ከፍታ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ውሃ አጠጣችኝ፣ ገንፎ አገነፋችልኝ። በአራተኛው ቀን ስነሣ ወጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔም ተመለሽ አላልኳትም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የጻፍኩት።

ቤት የሌለው ሰው የት ይፈለጋል የሚል ጥያቄ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ በሬን በከፈትኩ ቁጥር እዚያው አግኝቻታለሁ። ቤትና ቁጥር ያላቸው ወንድሞቼን ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

ለመሥሪያ ቤት ሲጻፍ በአብዮታዊ ሰላምታ ይዘጋል ብለውኛል፤ እነሆ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር።

ከበቡሽ ወንድምአገኝ

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ከበቡሽ፣

ቀበሌው ቃልዎን ተቀብሎ የቤቱን ነገር እንደተወው የጻፉልኝ ወረቀት ሲደርሰኝ ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ጓዳዎን ገልጦ ያየው ሰው ይቅርታ ለማለት መጥቶ ቁልፍዎን ጠግኖ መሄዱንም አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። የእኛን ወሬ ለምን አዘገየህ ብለውኛል። እውነትዎን ነው። የሚያስደስተውን ከሚያስከፋው መለየት አቅቶኝ ነው የቆየሁት።

ወረቀትዎን ኮሚቴው ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊው እኔ ነኛ።  ጓድ አብዱልመጂድ መነጽራቸውን አውልቀው "በሬን በከፈትኩ ቁጥር" የሚለውን ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ። አነበብኩ። ከዚያ አንዱ አባል ሴትዮዋ እውነት መናገሯን በምን እናውቃለን፣ በረንዳውን ማን አየው ብሎ ጠየቀ። ማንም እኔን አልተመለከተም ነበር። ዝም ብል ያልፍ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ብርቱካኑ ሲያብብ የሚሸተው ሽታ ገብቶ፣ የት እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ።

"እኔ አውቀዋለሁ፣ ኖሬበታለሁ" አልኩ። ፋይሌንም አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ሙሀባ ተቀጥራለች። ከሦስቱ አንደኛ ሆና፣ በሙሉ ድምፅ። ሰብሳቢው ከእንግዲህ አመልካች ሁሉ የኖረበትን እንዳለ እንዲጽፍ፣ በዚያ ምክንያት ፋይል እንዳይዘጋ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈሩ። ያ በፊት የቀረው ልጅም እንዲጠራ ታዟል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቢሮ የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነበር። ሐሰተኛ አድራሻ አስመዝግበሃል ተብዬ ከጽሕፈት ሥራ ተነሣሁ። ጓድ አብዱልመጂድ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ፊቴን ማየት አልቻሉም። ቀን ሠራተኛ ሆኜ ልግባ ብዬ ለመንኳቸው። ፈቀዱ፤ ግን በሐሰት የተነሣ ሰው ነህና ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ዋስ አምጣ አሉኝ።

አራት ዓመት ፎርማቸውን የሞላሁላቸው ሰዎች ነበሩ። ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። አንዱ ሚስቱን ማማከር እንዳለበት፣ አንዱ ለሌላ ሰው መፈረሙን ነገረኝ። ሁሉም በትሕትና ነው። አዝኜባቸዋለሁ አልልም፣ ግን አዝኛለሁ። በሦስተኛው ቀን የአዲሱ ጸሐፊ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሙሀባ እጇ ላይ ጭቃ እንዳለ ከችግኝ ጣቢያው መጣች። ማንም አልጠራትም። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ዋስ ልሆነው ነው አለች።

አዲሱ ጸሐፊ ደንቡን የሚያከብር ሰው ነው። ይህን ሰው በምን ታውቂዋለሽ፣ ለምን ያህል ጊዜስ ብሎ ጠየቃት።

"አንድ ክረምት አብረን በረንዳ ላይ ነበርን" አለችው። "በረንዳው በአንድ በኩል ያፈሳል። ዝናቡ ሲበረታ ሰው ደረቁን ቦታ ለማን እንደሚለቅ ይታያል። ያን ክረምት እኔ አንድም ቀን አልበሰበስኩም።"

እኔ ይህን ረስቼው ነበር። ልብሴ እርጥብ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደነበር ግን ረስቼው ነበር።

ጸሐፊው የተናገረችውን እንዳለ ጻፈው። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ስሟን እስከ መጨረሻው ፊደል ጽፋ ፈረመችልኝ።

ልጅዎ አብዱረሂም
የቀን ሠራተኛ፣ ችግኝ ጣቢያ